ሦስቱ የፎቶ ብርሃኖች፦ በበር፣ በነጠላና በባትሪ

ደብረ ማርቆስ፦ ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሟች ፎቶ ላይ ነው። ያ ፎቶ ብዙ ጊዜ በበዓል ወይም በሠርግ ግርግር መካከል በእጅ ስልክ በችኮላ የተነሣ ነው። ፎቶ ቤት ተወስዶ ሲጎላ ዐይኖቹ በጥላ ተውጠው፣ የፊቱ አንድ ወገን ጠቁሮ ይገኛል። ካሜራው ሲያነሣ ያልያዘውን መልክ ማጉላት አይመልሰውም። እናትና አባትን በደኅናው ቀን፣ በተገቢው ብርሃን ፎቶ ማንሣት ስለዚህ ለቤተሰብ የሚቀር ቅርስ ነው። ውድ ካሜራም አያሻም፤ ሦስት ብርሃኖችን ለይቶ ማወቅ ይበቃል።

ሦስቱ ብርሃኖች

ፎቶ አንሺዎችና የፊልም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ይህ ዘዴ "ባለሦስት ነጥብ ብርሃን" ይባላል።

የመጀመሪያው ዋናው ብርሃን ነው። ከካሜራው ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ፈንጠር ብሎ፣ ከዐይን ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ ይመጣል። የፊትን ቅርጽ የሚያወጣው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ደጋፊ ብርሃን ነው። በተቃራኒው ጎን ኾኖ ዋናው ብርሃን የፈጠረውን ጥላ ያለዝባል። ከዋናው ደከም ማለት አለበት፤ እኩል ከኾነ ፊቱ ቅርጹን አጥቶ ዝርግ ይመስላል።

ሦስተኛው የኋላ ብርሃን ነው። ከጀርባ መጥቶ የፀጉርንና የትከሻን ጠርዝ በቀጭኑ ያበራል፤ ሰውየው ከጠቆረው ግድግዳ ጋር እንዳይዋሐድ ይለየዋል።

የቀትር ፀሐይ ለምን አይመረጥም?

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ አናት ትቀርባለች፤ ደመና ከሌለም የቅንድብና የአፍንጫ ጥላ ዐይንንና አፍን ይሸፍናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት አየሩ ስስ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ጥላው ይበልጥ ይጠቁራል። ለጀማሪ የሚመረጠው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። የክረምት ደመናም ብርሃኑን በትኖ ስለሚያለዝበው ለፎቶ ምቹ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን በር መክፈት፣ የሚነሣውንም ሰው ከበሩ ሁለት ርምጃ ወደ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሰውየው ፊቱን ወደ በሩ በሰያፍ ካዞረ የደጁ ብርሃን ዋናው ይኾናል። በሌላው ጎኑ አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ቢይዝ ነጠላው ብርሃኑን መልሶ ደጋፊ ይኾናል፤ ነጭ የማዳበሪያ ጆንያም ይህን ሥራ ይሠራል። ከጀርባው ከፍ ብሎ፣ በካሜራው ውስጥ እንዳይታይ የተደረገ የእጅ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት የኋላውን ብርሃን ይሰጣል። ባትሪው ትንሽ በመኾኑ ርቀቱ በዕጥፍ ሲጨምር የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ማቅረብና ማራቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲነሣ ስልኩ በነጩ ልብስ ተታሎ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ከማንሣት በፊት በስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት መንካት ካሜራው ብርሃኑን በፊቱ ልክ እንዲመጥን ያደርገዋል። የስልኩን ፍላሽ ማጥፋትም ይመከራል፤ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚበራ ጥላን አጥፍቶ የፊትን ቅርጽ ይሰውራል።

ለታመመ ሰብልም

ይኸው ዕውቀት ከማሳ ላይ የቅጠል ፎቶ አንሥቶ ለግብርና ባለሙያ ለሚልክ አርሶ አደር ይጠቅማል። በ2002/03 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ ማሳዎች ላይ በስፋት ተከስቶ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ይታወሳል። እንዲህ ያለ በሽታ ሲገባ ቀናት ዋጋ አላቸው፤ የደበዘዘ ፎቶ ደግሞ ጊዜ ያባክናል።

ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቢጫ እብጠቶች ያሳያል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ በአገዳው ላይ ቀይ ቡናማ እብጠቶችን ያወጣል። ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲያርፍ እያንዳንዱ እብጠት ጥላ ስለሚጥል ጎልቶ ይታያል። ነጭ ወረቀት በሌላው ጎን መያዝ ጥላውን ያለዝባል። ሌላ አንድ ፎቶ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ከኋላው እንዲበራ በማድረግ ቢነሣ የደረቀውና ለምለሙ ክፍል ይለያል። መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ አጠገቡ ማኖር ጥሩ ነው። ፎቶው ባለሙያው ማሳውን በአካል የሚያይበትን ጉብኝት አይተካም፤ የትኛው ማሳ ቅድሚያ እንደሚሻ ግን ያመለክታል።

ልምምዱን በአንድ እንቁላል መጀመር ይቻላል። እንቁላሉን በበሩ አጠገብ በማስቀመጥ በመጀመሪያ ያለ ነጠላ፣ ቀጥሎ ከነጠላው ጋር፣ በመጨረሻም ባትሪውን ከኋላው ጨምሮ ማንሣትና ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ማየት ነው። የእያንዳንዱ ብርሃን ሥራ ያኔ በግልጽ ይታያል።