በመኪና የተገጨ ብስክሌተኛ፦ «ደህና ነኝ» ማለቱ በቂ አይደለም

እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የተማሪውና የሠራተኛው የዘወትር መጓጓዣ ነው። ብስክሌተኛ በመኪና ሲገጭ የሚከልለው አካል ስለሌለ የግጭቱ ኃይል በቀጥታ በሰውነቱ ላይ ያርፋል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ተጎጂው ከወደቀበት ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ፣ ከአሽከርካሪው ጋር ተስማምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለሕይወት የሚያሰጉ አንዳንድ ጉዳቶች ግን ምልክታቸው የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው።

በአደጋው ቦታ

በመጀመሪያ ሌላ ተሽከርካሪ እንዳይደርስ አካባቢውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ተጎጂው የሚገኝበት ቦታ ካላሰጋው በስተቀር መጎተትም ሆነ ማስቀመጥ አይገባም፤ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ይያዝ። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታ ተጭኖ ይያዛል። የራስ መከላከያ ቆብ ካደረገ፣ መተንፈሻውን እስካልከለከለ ድረስ ልምድ የሌለው ሰው ሊያወልቀው አይገባም።

በጤና ተቋም

ምርመራው በቅደም ተከተል የአየር መተላለፊያን፣ አተነፋፈስን፣ የደም ዝውውርንና ንቃተ ኅሊናን ይመለከታል፤ ከዚያም ልብስ ተወልቆ መላው አካል ይታያል። በተለይ ሦስት ነገሮች እንዳይዘነጉ ጥንቃቄ ያሻል።

1. ራስ፦ የራስ ቅል ተሰንጥቆ የደም ሥር ሲቆረጥ ተጎጂው ለጥቂት ጊዜ ነቅቶ ከቆየ በኋላ በድንገት ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የግላስኮው መለኪያና የዓይን ብሌን ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ተደጋግሞ መመዝገብ ይኖርበታል።

2. ሆድ፦ የብስክሌቱ መሪ ጫፍ ሆድን ሲወጋ በቆዳ ላይ የሚታየው ትንሽ ክብ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ግን ጣፊያ፣ ጉበት፣ ቆሽት ወይም አንጀት ተጎድቶ ይገኛል። ይህ በሕፃናት ላይ በተለይ ይታያል።

3. የውስጥ መድማት፦ ወጣትና ጤናማ ሰው 30 በመቶ የሚጠጋ ደሙን እስኪያጣ የደም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። የልብ ምት መፍጠንና የእጅና እግር መቀዝቀዝ ቀድመው ያስጠነቅቃሉ።

ብዙ የሚደማ ተጎጂ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚጠቅመው አደጋው ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጠው ነው፤ ከዚያ በኋላ መስጠቱ ጉዳት እንደሚያመጣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ክራሽ-2 የተባለ ጥናትና ተከታይ ትንታኔው አመልክተዋል። የቴታነስ ክትባትም አይዘንጋ።

ወደ ቤት ሲሰናበት

ለተጎጂውና ለአስታማሚው በቃልና በጽሑፍ ሊነገር የሚገባው የሚከተለው ነው፦ ራስ ምታት ከባሰ፣ ትውከት ከተደጋገመ፣ ግራ መጋባት፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለ ሽንት ከታየ ወዲያውኑ ይመለስ።

የአደጋው ሰዓት፣ የግጭቱ አቅጣጫና የእያንዳንዱ ቁስል ቦታ በመዝገብ ላይ በጥንቃቄ ይስፈር። መዝገቡ ለሚቀጥለው ሐኪም መመሪያ፣ ለፖሊስና ለመድን ጉዳይም ማስረጃ ነውና። በጎዳና ላይ «ደህና ነኝ» ያለ ብስክሌተኛ፣ ደህንነቱ የሚረጋገጠው ተመርምሮና ክትትል ተደርጎለት ነው።