የደብረ ጽዮን መጻሕፍትና የባቱ ከተማ እንግዶች

በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን የእመቤታችን የጽዮን ማርያም በዓል ሲከበር የምእመናን ሁሉ ሐሳብ ወደ አክሱም ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ቀድሞ ዝዋይ ስትባል በኖረችው በባቱ ከተማ አጠገብ፣ ጽዮን ከአክሱም በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት እየተባለ የሚነገርለት ሌላ ስፍራ አለ። ይኸውም በዝዋይ ሐይቅ መካከል የሚገኘው፣ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ የሚባለው የደብረ ጽዮን ደሴት ነው።

ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተጉዘዋል። በደሴቱም ለብዙ ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ ሰላም ሲሆን በንጉሥ አንበሳ ውድም ዘመን ታቦቷ ወደ መንበሯ ተመልሳለች። የዛሬው በዓል ከሚታሰብባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መመለሷ መሆኑን መምህራን ያስተምራሉ።

እኛን በዚህ ጽሑፍ የሚያሳስበን ግን ታቦቷ ከተመለሰች በኋላ የቀረው ነገር ነው። ታቦት ብቻውን አይሰደድም። ቅዳሴ ያለ መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ኪዳን ያለ መጽሐፈ ኪዳን፣ ወንጌልም ያለ ወንጌል መጽሐፍ አይደርስም። ካህናት በሚሰደዱበት ጊዜ ሁሉ በትከሻቸው ማኅደር ተሸክመው ይሄዳሉ። የዝዋይ ደሴቶችም በግራኝ ዘመን ሳይቀር የመጻሕፍት መሸሸጊያ ሆነው እንደ ነበር ይነገራል። ደብረ ጽዮን እስከ ዛሬ የምትታወቀው በሥዕል ባጌጡት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍቷ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ጠብቆ ያቆየው የዛይ ሕዝብ ነው። ዛዮች ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ አላቸው። ተዳፋቱን በእርከን እያረሱ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሸመኑ፣ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ሐይቁን እየተሻገሩ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ ሐይቁ በደረሱ ጊዜ፣ ከሰሜኑ ወገናቸው ለዘመናት ተለይተው የኖሩ ክርስቲያኖችን አገኙ። መምህርና ጳጳስ በቅርብ ሳይኖር ሕዝብ መጽሐፉን ሳይጥል ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ከማንኛውም ሐውልት ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

የደሴቶቹን ስም ስንቆጥር ደብረ ጽዮን፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ እያልን እንሄዳለን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በበኩላቸው የስምጥ ሸለቆዋን አዳማ ናዝሬት ብለው ሰይመዋት እንደ ነበር ይታወሳል። ዛሬ በጥንት ስሟ አዳማ ተብላ የምትጠራው ይህች ከተማ የስብሰባና የዕረፍት ቀን እንግዳ አይለያትም። እንግዳውም ከጉባኤው ሲወጣ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል። ታዲያ ይህ ሁሉ መንገደኛ በሞጆና በመቂ በኩል ወርዶ ሐይቁን ቢያይም ዓሣ በልቶ ከመሄድ በቀር በደሴቱ ላይ ምን እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።

የመጻሕፍት ቅርስ ከተማን ሊያስጠራ እንደሚችል የታወቀ ነው። በእምነት የምንዛመዳቸው አርመኖች በዋና ከተማቸው በየሬቫን ማቴናዳራን የሚባል ታላቅ የብራና መጻሕፍት ቤት አላቸው፤ አገሩን የሚጎበኝ ሰው ሳያየው አይመለስም። በእኛም አገር በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሳይንሳዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ ስማቸው በዓለም ተሰምቷል። ከዚህም ሌላ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ 12 የኢትዮጵያ ጽሑፎች በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ሰፍረዋል።

እንግዲህ የደብረ ጽዮን መጻሕፍት ሐይቁን ተሻግረው በባቱ ከተማ በመስተዋት ሣጥን ይቀመጡ የሚል ሐሳብ ቢነሣ ብዙ ሰው የሚደግፈው ይመስለናል። ወደ ደሴቱ በሞተር ጀልባ ለመድረስ እንደ ነፋሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ አረጋውያንና ሕፃናትም ይቸገራሉ። የሐይቁ እርጥበት ለብራና ጠላት ነው፤ ሌባም አለ። በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተወሰዱት መጻሕፍት እስከ ዛሬ በለንደን እንደሚገኙ የምናውቅ ሰዎች ስጋቱን አናቃልልም።

ነገር ግን በዚህ ሐሳብ አንስማማም። ስንክሳር ዕለት ዕለት የሚነበብ፣ ወንጌል በቅዳሴ ጊዜ የሚሳለሙት መጽሐፍ ነው። ከመቅደሱ የተለየ ቅዱስ መጽሐፍ ለተመልካቹ ጌጥ ይሆናል፤ ለደሴቱ ሕዝብ ግን የአያቶቹ አደራ ከእጁ መውጣቱ ነው። ብዙ የዛይ ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ እየወጡ ባሉበት በዚህ ዘመን መጻሕፍቱም ተከትለው ቢወጡ በደሴቱ ላይ ማን ይቀራል?

በሌላ በኩል መጻሕፍቱን እንደ ነበሩ ትቶ ጎብኚ ብቻ መጥራትም አይበጅም። በአንድ ወቅት፣ ስሙን በማንጠቅሰው ገዳም፣ አንድ ዲያቆን ለእንግዶች የጥንት መጽሐፍ ሲገልጥ አይተናል። የያዘው ጧፍ በሐረጉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እንግዶቹም ተራ በተራ በጣታቸው ሥዕሉን ይዳስሱ ነበር። እኛም ቆመን አየን እንጂ አልከለከልንም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ስለዚህ ዋናዎቹ መጻሕፍት በደሴቱ፣ እርጥበትና እሳት በማይደርስበት ደኅና ዕቃ ቤት፣ በገዳሙ አባቶች ቁልፍ ሥር ቢቀመጡ እንመርጣለን። ለከተማይቱ ደግሞ ሌላ ድርሻ አላት። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮ ፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከየገዳማቱ ቀድቶ ለምርምር አብቅቷል። ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ይህን ማድረግ እጅግ ቀሏል። የደብረ ጽዮን ሥዕሎችም በጥሩ ቅጂ በባቱ ሊታዩ ይችላሉ።

ከቅጂውም በላይ እንግዳን የሚያቆመው ሥራው ነው። የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ በቀለም ቀንዱ ሲነክር፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ሲዘጋጅ፣ ጥራዙ በገበታ መካከል ሲሰፋ፣ ዳጓሹም ቆዳውን በጋለ ብረት ሲደጉስ ቆሞ ያየ ሰው፣ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ በአሥር የሚቆጠሩ ፍየሎችና የወራት ድካም እንደሚያስፈልጉ ሲገባው መጽሐፍ ለመዳሰስ አይቸኩልም። ሙያው በየገዳማቱ እየተመናመነ ነው። የሚማሩት ወጣቶች የጻፉት ዳዊት ገዢ ቢያገኝ ግን ሙያው ከነባለሙያው እንጀራ ያገኛል።

ባቱ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እስካረፉ ድረስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ካህናትንና ወጣቶችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ የጻፉትም እኚሁ አባት ናቸው። የመጽሐፍ ሥራ ማሳያ በከተማዋ ቢቋቋም መምህርና ተማሪ ከሩቅ አይፈለግም።

የሚቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ስለ ቅርስ ምዝገባና ጥበቃ ይደነግጋል፤ በመሆኑም ገዳሙ፣ ሀገረ ስብከቱ፣ የከተማው አስተዳደርና የቅርስ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሊጠየቁ የሚገባቸው የደሴቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ጥያቄውን ይዞ የሚሄድ ሰው ለኅዳር ጽዮን ቢሻገር መልካም ነው፤ በዚያን ቀን በየከተማው የተበተኑት የዛይ ልጆች ሁሉ ስለሚመለሱ የሚመልሱለት አያጣም።