ባለ ይዞታና ባለቤት፦ ገበሬ ስለ መሬቱ ማወቅ የሚገባው ነገር

በሆሳዕና ዙሪያ ስለ እርከን አሠራር ለማስረዳት ከገበሬዎች ጋር በተሰበሰብን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እርከኑን እሠራለሁ። ነገር ግን አንዱ መጥቶ መሬቱ የመንግሥት ነው ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ደብተር ካለህ የአንተ ነው፣ ሽጠው ይለኛል። ማንኛቸውን ልመን?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከእርከኑ የሚቀድም ነው። በመሬቱ ላይ ያለውን መብት በደንብ ያላወቀ ሰው ዛሬ ተክሎ ከዓመታት በኋላ የሚፍቀውን እንሰት በሙሉ ልብ አይተክልም፤ እርከንም አይሠራም። ስለዚህ ለሽማግሌው የሰጠሁትን መልስ ለሁላችሁም እንዲጠቅም እዚህ ላይ ዘርዝሬ አቀርበዋለሁ።

ሁለቱን ቃላት እንለይ

ባለቤትነት ማለት በአንድ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው። በሬ ያለው ሰው በበሬው ያርሳል፣ ያከራየዋል፣ ሲፈልግም ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል። ከልካይ የለበትም፤ የበሬው ባለቤት ነውና።

ባለ ይዞታነት ግን ከዚህ አነስ ይላል። ባለ ይዞታ የሆነ ገበሬ መሬቱን ያርሳል፣ ምርቱን ይወስዳል፣ ከመሬቱ የማያፈናቅለው እስከ ሆነ ድረስ ያከራያል፣ ለቤተሰቡም ያወርሳል። መሬቱን መሸጥ ግን አይችልም።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

አባቶቻችሁ እንደሚነግሯችሁ፣ ከ1967 ዓ.ም. በፊት በሀዲያና በከምባታ አገር ብዙው ገበሬ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ነበረ። ካመረተው ለባለ መሬቱ ያካፍል ነበር፤ ባለ መሬቱም በፈለገ ጊዜ ሊያስነሣው ይችል ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት ይህንን በመቃወም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የወጣው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ።

ነገር ግን ያው አንቀጽ ለገበሬው ሁለት ትልልቅ መብቶች ሰጥቶታል። ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። ደግሞም በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያቆመው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ የራሱ ነው። ስለዚህ ለሽማግሌው እንዲህ ብዬ መለስሁላቸው፦ «አባባ፣ ሁለቱም ሰዎች ግማሹን ነው የነገሩዎት። መሬቱ ይዞታዎ ነው፤ ቤቱ፣ እንሰቱና ባሕር ዛፉ ደግሞ ንብረትዎ ነው።»

ከከተማ ዳር ያለው ወጥመድ

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዱራሜ፣ ሾኔና ሺንሺቾም ወደ ገጠሩ እየሰፉ ነው። በሌላ በኩል ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ገንዘብ ይልካሉ፤ ቤተሰባቸውም በከተማ ዳር ቦታ ሊገዛላቸው ይፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ መሬት በግል ይያዛል፣ ይሸጣልም፤ ልጆቹም ያንን ስላዩ እዚህም እንደዚያው ይመስላቸዋል።

በዚህ ጊዜ በጥግ የሚሠራ ውል ይመጣል። የመሬት ሽያጭ እንደማይጸና ስለሚታወቅ ውሉ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ይባላል። አንዳንዴም በማሳው ላይ ትንሽ ጎጆ ተሠርቶ «ቤት ሸጥሁ» ይባላል። ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ወረቀት ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው። ዓላማው ሕገ ወጥ የሆነ ውል ፈራሽ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ውል ሲፈርስ ደግሞ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይኸውም ገዢው መሬቱን ሲለቅቅ ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ ይመልሳል ማለት ነው። ገንዘቡን ለሠርግና ለእዳ የጨረሰ ገበሬ ከየት አምጥቶ ይመልሳል? ልጁን በባዕድ አገር ያደከመው ቤተሰብስ ምን ይዞ ይቀራል? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ባይደርስ እንኳ ማሳው ሄዷል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ የሚቀጥለው ክረምት ግን መምጣቱ አይቀርም።

ከተማው ሲደርስባችሁ

ቀበሌያችሁ ወደ ከተማ ሲከለል የሚገዛችሁ ሕግ ይለወጣል። በከተማ ቦታ የሚሰጠው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

መሬታችሁ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ ሕገ መንግሥቱ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፈል ያዛል። ይህም በ1997 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. በወጡት የካሳ አዋጆች በዝርዝር ተደንግጓል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ይከፈላል፤ ለመነሻም የሚታሰብ ገንዘብ አለ፤ እርሱም ከማሳው በሚገኘው የዓመት ገቢ ላይ ይመሠረታል። እንግዲህ ስንት ኩንታል እንዳገኘ፣ ስንት እግር እንሰትና ቡና እንዳለው መዝግቦ የያዘ ገበሬ በግምት ከሚናገር ይልቅ ተሰሚነት አለው። በጥግ ውል መሬቱን የለቀቀ ግን ገማቾች ሲመጡ ምን ሊያስቆጥር ይችላል?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ይዞታችሁን አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር የመሬቱን ስፋትና አዋሳኞች ይገልጻል። ሁለተኛው ደረጃ ግን ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ወሰኑን በካርታ ያሳያል። የወሰን ክርክር ሲነሣ ካርታው ከምስክር ይልቅ ይረዳል።

ሁለተኛ፦ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም ይሁን። እናቶች ሆይ፣ ስማችሁ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ የምታምኑትን ልጅ አስነብቡ።

ሦስተኛ፦ መሬት ስታከራዩ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም አስመዝግቡ። ስፋቱ፣ ዘመኑና ኪራዩ በግልጥ ይጻፍ።

አራተኛ፦ ውርስና ስጦታ ሲኖር ለውጡ ወዲያው በመዝገብ ይግባ። በሟች አባት ስም የቀረ ደብተር ወንድማማቾችን ያጣላል።

አምስተኛ፦ መሬቱን ተንከባከቡ። ሕጉ ባለ ይዞታን አፈሩን እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ይህንን ግዴታ ጥሎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተተካውም በአዋጅ ቁጥር 1324 ነው። እርከኑ የእናንተ ሥራ ነው፤ የተጠበቀው አፈርም ለልጆቻችሁ ያልፋል።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሽማግሌው ስብሰባው ሲያበቃ ደብተራቸውን አምጥተው አሳዩኝ። በእርሳቸው ስም ብቻ የተጻፈ ነበረ። የባለቤታቸውን ስም ለማስገባት በማግስቱ ወደ ወረዳ እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ እርከኑንም ከዚያ ሲመለሱ እንደሚጀምሩ ጨመሩልኝ። እናንተም ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ከሣጥን አውጥታችሁ የማን ስም እንደ ተጻፈበት ተመልከቱ።