የተፈጥሮ ሀብት ጥያቄ ለምርጫ እጩዎች

ምርጫ በደረሰ ቁጥር እጩ ተወዳዳሪዎች በየቀበሌው እየዞሩ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መብራትና ስለ ሥራ ዕድል ይናገራሉ። ተገቢም ነው። ስለ ሸሸ ሐይቅ፣ ስለ ተራቆተ ተራራና ስለ ተሰደደ የዱር አራዊት የሚናገረው ግን ጥቂት ነው፤ ቢናገርም «ይህን ያህል ችግኝ እንተክላለን» ከማለት አልፎ አይሄድም። የተፈጥሮ ሀብትን ወደ ነበረበት መመለስ ምን ማለት እንደሆነና ለምን የመራጭና የተመራጭ ጉዳይ እንደሚሆን በአቢጃታ ሐይቅ ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አቢጃታና ሻላ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙ፣ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ የተጠቃለሉ ሐይቆች ናቸው። ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው ዓሣ የለውም ለማለት ይቻላል፤ በመካከሉ ግን ደሴቶች አሉት። አቢጃታ ብዙም ጥልቀት የሌለው ሲሆን ቀድሞ ቆሮሶ ዓሣ ይርመሰመስበት ነበር። ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ በዚህ ልዩነት ተጠቅሞ ይኖር ነበር። ጅብና ቀበሮ በማይደርሱበት በሻላ ደሴት እንቁላሉን ይጥላል፤ ለጫጩቶቹ ምግብ ፍለጋ ወደ አቢጃታ ይበራል። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤቱ፣ ሌላው ማጀቱ ነበር ማለት ነው።

አቢጃታ መውጫ የለውም። ውሃ የሚያገኘው በይበልጥ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ እንዲሁም ከላንጋኖ በሚመጣው ወንዝ ሲሆን፣ የሚያጣው በትነት ነው። ስለዚህ የሚገባው ውሃ ሲቀንስ ሐይቁ ይሸሻል፤ ጨውና ሶዳው ግን ስለማይተን በቀረው ውሃ ውስጥ እየበረታ ይሄዳል። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በዛ። ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ተሳበ። በዙሪያው የነበረው ግራር ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ስፋቱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በታች ወረደ። ቆሮሶው ጨውን መቋቋም አቃተው፤ የፔሊካኑም ማጀት ባዶ ሆነ።

አንድ ጊዜ ሠልጣኞቼን ይዤ ወደዚያው ሄጄ ነበር። ከመኪና ወርደን በነጭ ደረቅ ጭቃ ላይ ብዙ ከተጓዝን በኋላ አንደኛው «መምህር፣ ሐይቁ የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የቆምነው በቀድሞው የሐይቁ ወለል ላይ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዳርቻ አንድ ሚሊዮን ችግኝ ቢተከል ፔሊካኑ ይመለሳልን? አይመለስም። መልሶ ማልማት ማለት ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ ፈልጎ መቀጠል ነው። እዚህ የተበጠሰው ውሃው ላይ ነው። ወንዙ ለሐይቁ የሚተወው ድርሻ በሕግ ሊወሰን፣ የመስኖ ፓምፖች ሊቆጠሩና ሊመዘገቡ፣ ውሃ የሚቆጥብ የአጠጣጥ ዘዴም ለገበሬው ሊቀርብለት ይገባል። ግራሩን በተመለከተ ብዙ ጊዜ መትከል እንኳ አያስፈልግም፤ መሬቱ ከከብት ንክኪና ከመጥረቢያ ከተከለለ በአፈሩ ውስጥ ያለው ዘር ራሱ ይበቅላል። ይህ ሁሉ ሕግና በጀት ይጠይቃል፤ ሕግና በጀት ደግሞ የሚጸድቁት በምክር ቤት ነው። (ችግኝንም ሕግንም «ጸደቀ» የሚለው ቋንቋችን ሁለቱን አስቀድሞ ያዛመዳቸው ይመስለኛል።)

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፔሊካን ድምፅ አይሰጥም፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬ ግን ይሰጣል። ገበሬውም ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያው ውሃ ስለሆነ ሊወቀስ አይገባም። በላይኛው ምርጫ ክልል ፓምፕ ቃል የገባ እጩ ይጨበጨብለታል፤ ጉዳቱ ግን የሚታየው በታችኛው ነው። ከዚህም ሌላ የሕዝብ ተወካይ የሚመረጠው ለ5 ዓመት ሲሆን፣ ሐይቅ ወይም ደን የሚያገግመው ከዚያ በረዘመ ጊዜ ነው። ፓምፑንም ሙሉውን ሐይቅም በአንድ ትንፋሽ ቃል የሚገባ እጩ ካለ፣ እኔ ብሆን ቁጥሩን እጠይቀዋለሁ።

እንዲህ ያለ ዓላማ ይዞ የሚመረጥ የለም የሚሉ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከቱ። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረቱ። የገጠር ሴቶች ችግኝ ሲያፈሉ ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላቸው ለጸደቀው ብቻ ነበር፤ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ከናይሮቢ ጥግ ያለው፣ 1,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የካሩራ ደን ለሕንፃ ሥራ ሲሸነሸን ተቃውመው በጥር 1999 በደኑ በር ላይ ተደበደቡ። በ1997 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ወድቀው ነበር። በ2002 ግን በቴቱ ምርጫ ክልል 98 ከመቶ ድምፅ አግኝተው ምክር ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም የአካባቢ ጥበቃ ረዳት ሚኒስትር ሆኑ። ሕዝቡ የመረጣቸው ስለ ዛፍ ብቻ ስለተናገሩ አይደለም፤ ዛፉን ከማገዶውና ከምንጩ ጋር አያይዘው በማስረዳታቸው ጭምር ነው። ካሩራም ተረፈ። ከ2014 ጀምሮ ከሌላ ደን የመጡ ጉሬዛዎች ተለቀውበት ዛሬ በዛፎቹ ላይ ይዘላሉ።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ፣ መምህር በክፍል ውስጥ ለማንም ፓርቲ ሊቀሰቅስ አይገባውም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 እና 92 ማስተማር ግን ቅስቀሳ አይደለም። የመጀመሪያው ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ሲያደርግ፣ ሁለተኛው አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች በአካባቢያቸው የደረቀውን ምንጭ ወይም የተመነጠረውን ደን መርጠው ለሁሉም እጩዎች፣ ያለ አድልዎ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጻፉ። ሠልጣኞቼ ከጉዞው መልስ ብዙ ጥያቄዎች ጻፉ፤ ተከራክረው ሦስት አስቀሩ። ባለፈው የሥራ ዘመን ከተተከለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ፣ ማንስ ቆጠረው? ከቡልቡላ ወንዝ ለሐይቁ የሚተወው ውሃ ስንት ይሁን ይላሉ? ፓምፑ ለሚቀነስበት ገበሬስ በምትኩ ምን ይሰጡታል?