እሬትን ስለ መለየት

እሬት ድንጋያማ በሆነ ስፍራ የሚበቅል ተክል ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ጫፉ ሹል ነው፤ በጠርዙም እሾህ አለበት። ቃጫ የሚባለውም ተክል በመልኩ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከሩቅ አይቶ ይሳሳታል።

መለያቸው ግን በቅጠላቸው ውስጥ ነው። የቃጫ ቅጠል ሲሰበር ገመድ የሚሠራበት ጠንካራ ክር ይገኝበታል። የእሬት ቅጠል ሲሰበር ግን ብጫና እጅግ መራራ የሆነ ውሃ ይወጣዋል፤ ውስጡም ለስላሳ ነው። ደግሞም ቃጫ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ እሬት ግን አብቦ አይሞትም፥ ተመልሶ ያብባል። እሬት መስሎት የቃጫን ውሃ በቁስሉ ላይ የሚቀባ ሰው ቆዳው ይቃጠላል፤ መድኃኒት ፈልጎ ሕመም ያገኛል።

የእሬትም ዓይነቱ ብዙ ነው። በደብረ ብርሃን አገር የሚበቅለው ግንድ የለውም፥ ቢኖረውም አጭር ነው። የአበባው አገዳ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየቅርንጫፉም ጫፍ ቀይ አበባ ተሰብስቦ ይታያል። ባሲል ክርስቲያን የሚባል የእሬት ዐዋቂ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓመት ይህን ዓይነት ከሌሎቹ ለይቶ ጻፈው፤ ስሙንም በደብረ ብርሃን ስም «አሎኤ ደብራና» አለው። ለመጽሐፍ አዲስ ሆነ እንጂ ለባላገሩ አዲስ አልነበረም።

እንግዲህ ልጅ የሚመሳሰለውን ሁሉ አንድ ነው አይበል። ከሩቅ የታየ መልክ ያሳስታል፤ ቀርቦ መመርመርና ዐዋቂን መጠየቅ ግን ከጉዳት ያድናል።