ጤዛና እባብ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማለዳ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በጉርብትና አብሮኝ የሚኖር የ6ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ታቅፎ ከደጃፌ መጣና፣ በትምህርት ቤት በተሰጠው ምንባብ ውስጥ «የነጋዴው ሀብት እንደ ጤዛ ረገፈ» ለሚለው «ሀብቱ ብዙ ነበር፤ ጤዛ ብዙ ነውና» የሚል ፍቺ ጽፎ ኤክስ እንደ ተደረገበት በቅሬታ ነገረኝ። ልወቅሰው አልቻልሁም፤ ጤዛ በእውነት ብዙ ነው፤ ያበራልም፤ ይቀዘቅዛልም።

«እንደ ጤዛ ረገፈ» የሚለው አነጋገር ተነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል። «ልጁ አንበሳ ነው» ብንል ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል፤ «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» የመሳሰለ ቃል ገብቶ ሁለቱን ሲያስተያይ ግን ተነጻጻሪ ነው። ሆኖም «እንደ» ባለበት ሁሉ ዘይቤ አለ ማለት አይደለም፤ «እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ» የሚል ሰው ነገሩን እንዳለ ተናገረ እንጂ አላመሳሰለም። ዘይቤ የሚሆነው በባሕርያቸው የተራራቁ ሁለት ነገሮች በአንዲት ጠባይ ሲገናኙ ነው፤ ያችን ጠባይ የሚያመለክተን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «እንደ» ሳይሆን ማሠሪያ አንቀጹ ነው። «ረገፈ» የመጥፋት ግሥ ነው፤ ከብዛት ጋር ምን አገናኘው?

ጠባይዋ ብትነገርም እንኳ የሚነጻጸሩበትን ነገር ማወቅ ያሻል፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል 10፥16 ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ብልኆች ሁኑ ሲላቸው የፈለገው ብልኅነቱን እንጂ መርዙን አይደለም። ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍ፣ እባብ ገዳይ ሲመጣበት መላ አካሉን ለዱላ ሰጥቶ ራሱን ብቻ እንደሚጠብቅ ይተርካልና፣ ይህን የሰማ ሰው ብልኅነቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያልሰማ ግን መርዙን ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ጤዛውን በዓይኑ እንዲያይ ልጁን ከአጥሩ ሥር ወዳለው ሰርዶ ወሰድሁት። ጤዛው በየቅጠሉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ስትወጣ ግን ብዙም ሳንቆይ ሣሩ ደረቀ።

«ታዲያ ጋሼ፣ የነጋዴው ፀሐይ ምንድን ነው?» አለኝ።

ምንባቡን ከላይ ጀምሮ እንዲያነብልኝ ነገርሁት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ «ቁማር» የሚለውን ቃል በጣቱ ይዞ ቆመ።