የመድን ካርዱ አለ፤ የአረጋውያኑ ሐኪም የት ነው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የጤና መድን ካርድ ይዞ የአረጋውያን ሐኪም መፈለግ፣ ዋጋው ተቆርጦ ዕቃው የሌለበት ሱቅ እንደመግባት ነው። መዋጮው ተከፍሏል፤ ሻጩ ግን የለም። በእርጅና ሕክምና የሠለጠነ ስፔሻሊስት በአገሪቱ በጠቅላላ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሥራው የወደቀው በጠቅላላ ሐኪሙና በውስጥ ደዌ ሐኪሙ ላይ ነው።

ሙያው ቅንጦት አይደለም። እርጅና ብቻውን አይመጣም፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የዓይን ሞራ ተያይዘው ይመጣሉ። ለየአንዳንዱ የታዘዘው መድኃኒት ከሌላው ጋር ሲጋጭ አዛውንቱ ይደነዝዛሉ፣ ይወድቃሉ። ይህን ሁሉ በአንድነት የሚመለከት ሐኪም ቤተሰብን ከብዙ ወጪ ያድናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነበር። በኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ሲሆኑ፣ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት 180 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኑም ተስፋፍቷል፣ መዋጮውም ጨምሯል። አሠራሩ ግን ያው ነው፦ አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚያሳልፈው የሪፈር ወረቀት ነው። ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ሙሉ ወጪው አይሸፈንለትም።

እዚህ ላይ የጡረተኛው ነገር ይነሳል። የማኅበረሰቡ መድን የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የወጣው ሌላ አዋጅ፣ ቁጥር 690/2002፣ ነበር። በደንቡ መሠረት ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ፣ መንግሥትም 1 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ፋብሪካ በበዛባት ሰበታ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት ሥራ ያቆመ ብዙ ሰው ጡረታም መድንም ሳይኖረው አርጅቷል።

ሌላው ችግር የወሰን ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃለው በኦሮሚያ ክልል ሥር የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ስፔሻሊስት በብዛት የሚገኘው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የሰበታ ሰው በጅማ መንገድ ወደ አለርት፣ የቡራዩ ሰው በአምቦ መንገድ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ፣ የሱሉልታ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ ወደ መሐል ከተማ ይመጣል። ካርዱ የሚሠራው ውል ባለበት የጤና ተቋም ብቻ ስለሆነ፣ መንገድ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። የግል ክሊኒክ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ እንጂ በካርድ አያስተናግድም።

እንግዲህ ሂሳቡ ሲሠራ፣ ትልቁ ወጪ የምርመራው ላይሆን ይችላል። አዛውንቱ ብቻቸውን ስለማይሄዱ የሁለት ሰው የትራንስፖርት ሂሳብ አለ። ደግፎ የሚያመላልሰው ልጅ የቀን ገቢውን ያጣል። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ካልተገኘ ደግሞ ከውጭ ይገዛል። ይህን ሁሉ ካርዱ አያየውም።

እስከዚያው ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው አለ። መዋጮውን በእድሳት ወቅት መክፈል፤ መክፈል የማይችል ደግሞ መንግሥት ከሚከፍልላቸው መካከል ለመመዝገብ በጊዜ ወደ ቀበሌ መሄድ ይኖርበታል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የውስጥ ደዌ ሐኪም መጠየቅ፣ አዛውንቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ለአንድ ሐኪም ማሳየትም ይጠቅማል። ለመድኃኒት የወጣውን ደረሰኝ አለመጣል፣ ወጪው ይመለስ እንደሆነም የመድኑን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ደግ ነው።

የቀረው የአስተዳደሩ ፋንታ ነው። ስፔሻሊስት እስኪሠለጥን ዓመታት ይፈጃል። የውስጥ ደዌ ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ግን ያን ያህል ጊዜ አይጠይቅም። አንድ ሐኪም ሰበታ ቢወርድ፣ ብዙ አዛውንቶችና ብዙ ደጋፊዎች አዲስ አበባ ከመመላለስ ይድናሉ።